የጓንጉል ጠመንጃ ለምን ጠቆረ

ወላጆቹን ያጣ ልጅ በአባቶቹ ስም ቢያሳድጉት ጥፋት ነው እንዴ? ወይዘሮ አንጓች ይህን ጥያቄ ለጎረቤት ጠይቀዋል፣ ለታቦት ሳይቀር አቅርበዋል፤ መልስ የሰጣቸው ግን የለም።

ቆላ ደረባ ውስጥ ሰው ዋናውን ጉድለቱን ትቶ ሌላ ሌላውን ሲያሰማምር የታየ እንደሆነ፣ ከአጠገቡ የቆመው ወደ ባልንጀራው ጠጋ ብሎ የሚጥላት አንዲት ተረት አለች። ተራቾቿ ብዙ ናቸው። ስትወለድ አንድ የእርሻ በሬ፣ እኩሌታ ማሳ ማሽላና የአንዲት አያት እንቅልፍ በልታ እንደተወለደች የሚያውቁት ግን ጥቂት ናቸው።

ጓንጉል የወይዘሮ አንጓች የልጅ ልጅ ነው። አባቱን ተገኘን ወባ ሲወስደው ገና ዳዴ ይል ነበር፤ እናቱም ብዙ አልቆየችለትም። ያኔ አያቱ አንድ ነገር ፈሩ፤ ልጁ ከእኩዮቹ መሃል "አባት የለውም" ተብሎ አንገቱን እንዳይደፋ። ስለዚህ ራቱን እያጎረሱ የአባቶቹን ስም እስከ ሰባት ቤት ያስቆጥሩት ጀመር። ተገኘ፣ ወረታ፣ አድማሱ፣ ጣሰው እያሉ ሲወጡ በየስሙ ላይ አንድ ጀብዱ ይመርቁለታል። ጀብዱ የሌለው ሲገጥማቸውም አልተቸገሩም። አድማሱ የባላቸው የወረታ አባት ሲሆን ዕድሜውን ሙሉ ንብ ሲያረባ የኖረ ሰው ነበር፤ በወይዘሮ አንጓች ማዕድ ላይ ግን አንበሳ ገደለ።

ልጁ አደገ፤ ስሞቹም አብረውት አደጉ። እንጨት ሊፈልጥ ምሳር ሲያነሳ "ዘራፍ!" ይላል። ወንዝ ሊሻገር ሱሪውን ሲሰበስብ "ዘራፍ!" ይላል። ቁንጫ ለመያዝ እንኳ ሁለት ትውልድ ይጠራል፤ ቁንጫይቱ ግን ከመጀመሪያው በኋላ አትገኝም። ሰው ይስቃል። አያቱም ይስቃሉ፤ ሳቃቸው ግን ከከንፈራቸው አልፎ ሆዳቸው አይገባም ነበር። "ይሄ አፍ አንድ ቀን ይጥልብኛል" እያሉ ያማትባሉ።

የፈሩት ነገር በእንግዳ እግር መጣ። አንድ የከብት ነጋዴ ወደ ጠረፍ ሲወርድ መሽቶበት እነሱ ቤት አደረ። ትከሻው ላይ ያነገተው ጠመንጃ እንደ ሌላው ጠመንጃ ጥቁር አልነበረም፤ ከሰደፉ እስከ አፈሙዙ ያለው ብረት የማይዝግ ነጭ ብረት ሆኖ፣ እንደ አዲስ የሻይ ትሪ ፊት ያሳያል። ጓንጉል ብረቱ ላይ ጥርሱን አየ፤ ጠጉሩንም አየና አበጠረ።

"ዝገት አያውቀውም" አለ ነጋዴው። "ዝናብ ቢመታው፣ ላብ ቢነካው መልኩ አይለወጥም። የወንድ ልጅ ጌጥ ነው።"

በማግስቱ ወይዘሮ አንጓች ከማርያም ማኅበር ሲመለሱ ነጋዴው ሄዷል። ወይኖ የሚባለው የእርሻ በሬያቸውም አብሮት ሄዷል። ጠመንጃው ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ቤቱን ያበራል።

"ልጄ፣ በሬው የት አለ?"

"እምዬ፣ በሬ ያረጃል። ይሄ አያረጅም።"

"ታዲያ በምን ልናርስ ነው? በአፈሙዙ?"

"አትስጊ አንቺ! ማሽላው ሲገባ በሬ እንገዛለን። ማሽላሽን ደግሞ ከዝንጀሮ የሚጠብቅልሽ ይሄው ነው" ብሎ ጠመንጃውን መታ መታ አደረገው።

ነገሩ እዚያ ላይ ቆመ። ማሽላው ከተረፈ በሬ ይገዛል፤ ካልተረፈ ለመጪው ክረምት መሬታቸው ጦሙን ያድራል። ወይዘሮ አንጓች ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሳው ውስጥ እየገቡ ዛላውን፣ ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ግንባር፣ በመዳፋቸው እየዳሰሱ ይዞሩ ጀመር።

የቆላ ደረባ ማሽላ የሚዘራው ከገደሉ ሥር ነው። ገደሉ ደግሞ የዝንጀሮ አገር ነው። የመንጋው አውራ ጎፈሩን አንጨባሮ፣ ፍርድ ሊሰጥ እንደሚሄድ ባላባት እየተንጎራደደ ስለሚወርድ ሰዉ "ግራዝማች" ይለዋል። ግራዝማችን ከማሽላ የሚለየው አንድ የቆየ ልማድ ነበር። በማሳው መሃል የእንጨት ማማ ይሠራል፤ ተረኛው ማማው ላይ ወጥቶ ወንጭፍ ይወነጭፋል፣ ጅራፍ ያጮሃል፤ መንጋውም እየተሳደበ ወደ ገደሉ ይመለሳል። በማግስቱ ይመጣል፤ በማግስቱም ይባረራል። ክብር የሌለው ሥራ ነው፤ ማሽላ ግን ያተርፋል።

ጓንጉል ክብር የሌለው ሥራ አይወድም። ማሳቸው ከእነሱ ጋር ኩታ ገጠም የሆነውን አያ ዘገዬን ቤቱ ጠርቶ አነጋገራቸው። አያ ዘገዬ ቃል የሚቆጥቡ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ሐሳባቸውን እስኪያወጡ ምጥ የያዛት ላም ትወልዳለች ይባልላቸዋል።

"አያ ዘገዬ፣ ይህን ወንጭፍ አስቀሩልኝ። በድንጋይ እየነካካችሁ ያለመዳችኋቸው እናንተ ናችሁ። ዝም በሏቸውና ይቅረቡ። ግራዝማችን እኔ እጥለዋለሁ፤ አውራው ከወደቀ መንጋው አገር ይለቃል።"

አያ ዘገዬ ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩ። "ባትጥለውስ?"

"እኔ? የተገኘ ልጅ? የወረታ ልጅ ልጅ? የአንበሳ ገዳዩ የአድማሱ..."

"አድማሱማ..." ብለው ጀመሩ አያ ዘገዬ። በልጅነታቸው ከአድማሱ እጅ ማር የላሱ ሰው ናቸው። ወዲያው ግን ከምድጃው አጠገብ የተቀመጡትን የወይዘሮ አንጓችን ዓይን አዩና አፋቸውን ከደኑ። "ይሁን እስቲ" አሉ።

ወንጭፉ ሁሉ በየግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ጅራፉም ተጠቅልሎ ቆጥ ላይ ወጣ።

ጓንጉል በጧት ተነስቶ ማማው ላይ ወጣ። ግራዝማች መንጋውን አስከትሎ ወረደ። ጓንጉል ብድግ አለ፣ ደረቱን ነፋ፣ "ዘራፍ! ዘራፍ አባ መብረቅ!" ብሎ አባቶቹን እየጠራ ጠመንጃውን ወደ ሰማይ አወዛወዘ። ጎንበስ ብሎ ሊያነጣጥር ሲል ግን ፊቱ ያለው ባዶ ድንጋይ ነው። በማግስቱም ያው። ሰንበትበት ሲልማ ዝንጀሮዎቹ አፋፉ ላይ ተደርድረው ፉከራውን እስከ መጨረሻው ማዳመጥ ጀመሩ፤ ግልገሎቻቸውንም ይዘው ይመጣሉ የሚል ሰው አልጠፋም።

አንድ ቀን ጓንጉል እየሮጠ ቤት ገባ።

"እምዬ፣ አገኘሁት! ብልጭታው ነው!"

"የምን ብልጭታ?"

"የብረቱ ነዋ! ጸሐይ ሲያርፍበት እንደ መስታወት ያንጸባርቃል። ገና ሳነሳው ያዩኛል። ምን ላድርግ እምዬ፣ ጠመንጃው ከልክ በላይ ጥሩ ነው።"

ወይዘሮ አንጓች የሚያውቁትን ያውቃሉ። ቃሉ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የልጁን ፊት አዩት፤ ያን ሲያጎርሱት ቀና ብሎ ያያቸው የነበረውን ፊት። "ልክ ነህ በዪኝ" ይላል ፊቱ። ይህን ፊት ሰው ሳይሰብርባቸው አሳድገው፣ ዛሬ ራሳቸው ሊሰብሩት ነው? አልቻሉም።

"ይሆናል ልጄ" አሉ። "ብልጭታ ክፉ ነው።"

ይባስ ብለው ከድስቱ ቂጥ ላይ ጥላሸት ፍቀው፣ በገል አድርገው ሰጡት። ጥላሸቱ ግን ለስላሳውን ብረት አልይዝ አለ፤ ጓንጉል አንድ ጊዜ ሲያነግተው ከብረቱ ወርዶ ጋቢው ላይ ቀረ።

ያን ጊዜ ወደ መሪጌታ ላቀው ሄደ። መሪጌታ የደብሩ ቀለም በጥባጭ ናቸው። ጥላሸትን ከተቆላ ገብስ ጋር ወቅጠው፣ በውሃ በጥብጠው፣ ወራት ሙሉ እያማሰሉ የሚያደርሱት ጥቁር ቀለም ብራና ላይ ካረፈ ከጸሐፊው ዕድሜ ይተርፋል።

"ለምን ፈለግኸው?" አሉት።

"ጠመንጃ ልቀባበት።"

መሪጌታ መነጽራቸውን አወለቁ። "ልጄ፣ ይህ እኮ ዳዊት የሚጻፍበት ነው።"

"ዳዊትም ጦረኛ ነበር፣ መሪጌታ።"

"ነበር እንጂ። ጎልያድን የጣለው ግን በወንጭፍ ነው። ወንጭፉን ቀለም ቀባ የሚል ቃል ደግሞ በአንዱም መጽሐፍ አላገኘሁም።"

"ጎልያድ ዓይኑ ፈዞ ቢሆን ነዋ! የእኛ ግራዝማች ግን አጥርቶ ያያል።"

"ይሰማልስ?" አሉ መሪጌታ።

ጓንጉል ግን አልሰማም። "ቆዳውን ለመቀመጫ አመጣልዎታለሁ!" ብሎ ቀለም የሞላበትን ቀንድ ይዞ ወጥቶ ነበር።

በዶሮ ላባ እየነከረ ብረቱን ቀባው። ሲደርቅ ደገመው፤ ሲደርቅ ሰለሰው። ያ የሰርግ ትሪ ይመስል የነበረው ጠመንጃ ከሰል ሆነ። ሰው እየመጣ አየለት። "ማን ሞቶበት ነው ጠመንጃህ ጥቁር የለበሰው?" አለች አንዲት ጎረቤት። "ወይኖ ነዋ!" አለ ከኋላዋ አንዱ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ወይዘሮ አንጓች አልሳቁም። የበሬያቸው ስም ሲነሳ ባዶውን የበረት ግንድ አዩ።

ማሽላው ቀላ። ከዚህ ወዲያ አጨዳ እንጂ ጥበቃ የለም የሚባልበት ሰሞን ደረሰ፤ ግራዝማችም ይህን ሰሞን ከሰው በላይ ያውቀዋል። ጓንጉል "ዛሬ ነው!" ብሎ አወጀ። አዋጁን የሰማ ሁሉ ከማሳው ዳር ካለው ካብ ጀርባ ሊያይ ተደበቀ። ወይዘሮ አንጓች ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ከአያ ዘገዬ ጎን ቁጢጥ አሉ። ከፊት ለፊታቸው፣ ከገደሉ በኩል፣ አንድ ማስፈራሪያ ቆሟል፤ የለበሰው የሟች ባላቸውን የወረታን ካፖርት ነው። ዝንጀሮዎቹ ከለመዱት ቆይተዋል። ወይዘሮ አንጓች ግን ካፖርቱ እዚያ ቆሞ ሲያዩት አባወራ ያለ ስለሚመስላቸው አላስነሱትም።

መንጋው ወረደ። ጓንጉል ማማው ላይ በሆዱ ተኝቶ አፈሙዙን ቀስ ብሎ አወጣ። ጸሐይዋ ብረቱ ላይ አረፈች፤ ምንም አላንጸባረቀም። እውነቱ ይነገር፤ ቀለሙ ሠርቷል። ግራዝማች እየተንጎራደደ መጣ፣ ከማማው ሥር ደረሰ፣ ግራ ቀኝ አየ፣ ተቀመጠ። አንድ ዛላ ቀንጥሶ አሸተተ። ወንጭፍ ቀርቶ በኩርኩም የሚደረስበት ሆነ።

"ዝም በል ልጄ" አሉ ወይዘሮ አንጓች በሻሻቸው ውስጥ። "አንዴ ብቻ፣ ስለ እመቤቴ ብለህ፣ ዝም በል።"

ዝም አለ። ጣቱ ቃታው ላይ አረፈ። ላብ ወደ ዓይኑ ሲወርድበት በመዳፉ ጠረገው፤ ከብረቱ የለቀቀ ቀለም ግንባሩ ላይ ተጋደመ። ንፋሱ ሳይቀር ቆመ።

እንደ አጋጣሚ ጓንጉል ዓይኑን ወደ ካቡ ጣል አደረገ። የሰውን ራስ ሁሉ አየ፤ ተደርድሮ፣ አፉን ከፍቶ፣ እሱን የሚጠብቅ። ይህን ሁሉ ሰው ሰብስቦ እንዲያው ዝም ብሎ መተኮስ፣ ሠርግ ጠርቶ ድግስ እንደ መንፈግ ሆነበት።

"ዘራፍ!" ብሎ ብድግ አለ።

ወይዘሮ አንጓች ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ዘራፍ አባ መብረቅ! የተገኘ ልጅ! የወረታ ልጅ ልጅ!"

ግራዝማች ቀና ብሎ አየው። አልደነገጠም፤ የሚያውቀው ነገር ነው። የጀመረውን ዛላ አፉ ውስጥ ከተተ፣ ሌላ ቀንጥሶ ብብቱ ሥር ሸጎጠና ተነሳ። አድማሱ ሲጠራ ከማሳው እየወጣ ነበር። ጣሰው ሲጠራ ማስፈራሪያውን አልፎ ገደሉን ጀምሮታል። ጓንጉል ሰባቱንም ጨርሶ ያን ጊዜ ተኮሰ።

ተኩሱ ገደሉን አናወጠው። የወረታ ካፖርት ደረቱ ላይ ተመትቶ፣ ሁለት እጁን እንደ ዘረጋ፣ በግንባሩ ተደፋ።

"መታሁት?" አለ ጓንጉል ከማማው ላይ።

"መታኸው!" አለው አንዱ ከካቡ ጀርባ። "አያትህን!"

ሰው ሆዱን ይዞ ሲስቅ ከማሳው ወዲያኛው ጫፍ የማሽላ አገዳ ሲሰበር ተሰማ። ሴቶቹና ግልገሎቹ ዝንጀሮዎች ፉከራውን ለግራዝማች ትተው በሌላ በኩል ገብተው ኖሯል። "ወንጭፍ! ወንጭፍ አምጡ!" ተባለ። ወንጭፉ ግን በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሮጠው አምጥተው እስኪመለሱ የወይዘሮ አንጓች ማሽላ እኩሌታው፣ የአያ ዘገዬም አንድ ጎኑ ባዶ አገዳ ሆኖ ጠበቃቸው።

ሰዎቹ ወደ ወይዘሮ አንጓች ቤት ገቡ። ያስገባቸው ሐዘን ይሁን ፍርድ አልታወቀም፤ ብቻ እንደ ለቅሶ ቤት ዙሪያውን ተቀመጡ። ወይዘሮ አንጓች ካፖርቱን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ጣታቸውን በጥይቱ ቀዳዳ አስገብተዋል። የቀረው ማሽላ ለበሬ ቀርቶ ለዘር ይበቃ እንደሆነ በሆዳቸው ይሰፍራሉ። ጓንጉል ጠመንጃውን ምሰሶው ላይ ሰቅሎ መሃል ቆመ። ግንባሩ ላይ የተጋደመው ጥቁር ቀለም እስከ ጆሮው ደርሷል፤ የነገረው የለም።

"ጥፋቱን ደረስኩበት" አለ። "ጥይቱ ነው! ብረቱን ቀባሁ፤ ጥይቱ ግን ናስ ነው። ናስ ደግሞ ያበራል። መሪጌታ፣ ከቀለሙ ጥቂት ካለዎት..."

"ጥይቱ እኮ ከጠመንጃው ሆድ ውስጥ ነበር፤ በየት አየው?" አሉ መሪጌታ ላቀው።

"ግራዝማች ቀላል ነው እንዴ!"

ጓንጉል ዞሮ ዞሮ ዓይኑ አያቱ ላይ አረፈ። ያው ፊት ነው፤ ጠቁሮም ያው ነው።

"እምዬ፣ አንቺ ንገሪያቸው እስቲ። ብልጭታው አይደለም?"

ወይዘሮ አንጓች ጣታቸውን ከቀዳዳው አወጡ።

"ብልጭታው አይደለም ልጄ" አሉ። "ትናንትም አልነበረም። ይሄን እያወቅሁ ጥላሸት ፍቄ የሰጠሁህ እኔ ነኝ።"

"እንዴ፣ እምዬ..."

"ቆይ፣ አስጨርሰኝ። ቅድመ አያትህ አድማሱም አንበሳ አልገደለም። ንብ ነበር የሚያረባ። እኔ ነኝ አንበሳ ያስገደልኩት። ቀፎ ሊቆርጥ ሲወጣ እንዴት እንደነበር አያ ዘገዬ ይንገሩህ፤ ሳል እንኳ ቢመጣበት ውጦ ይመልሰው ነበር። ንቧ ከሰማች ማር የለማ። እኛም በዝምታው ነው ማር በልተን ያደግነው።" እንባቸው መጣ፤ በካፖርቱ እጅጌ ጠረጉት። "በሬው ሄዷል። የቀረችውን ማሽላ ደግሞ ነገ ይመጡባታል። እኔ እንግዲህ ሌላ የምልህ የለኝም።"

ጓንጉል አፉን ከፈተ። ቤቱ ሙሉ ሰው ዘራፉን ጠበቀ፤ አንዳንዱም አንገቱን ወደ ትከሻው ሰበሰበ። የተከፈተው አፍ ግን ቀስ ብሎ ተመልሶ ገጠመ።

ወደ ምሰሶው ሄደ። ጠመንጃውን የሚያነሳ መስሎ ነበር፤ አልፎት ሄደ። ከግድግዳው ላይ የአባቱን ወንጭፍ አወረደ፣ ገመዱን በጣቱ ጠቀለለ፣ ከበሩ ጉበን ሥር ጎንበስ ብሎ፣ ማንንም ሳያይ ወጣ። ወይዘሮ አንጓች "ወዴት ነው ልጄ? እራት ሳትበላ? ብርዱን..." ሊሉ ተነስተው ነበር። ሳይሉት ቀሩ። ደጃፉ ላይ ቆመው ሲያዩት ቁልቁል ወደ ማማው ይወርዳል፤ ከንፈሩም አይንቀሳቀስም።

አያ ዘገዬ እንደ ልማዳቸው ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩ፤ ምሰሶው ላይ የተሰቀለውን ከሰል የመሰለ ጠመንጃ አዩ፣ የተከፈተውን በር አዩ፣ ከዚያም ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ እንዲህ አሉ፦ "ጠመንጃውን ቀብቶ፣ ምላሱን ረስቶ።"